የደም ማደጊያ ቤት በአንድ ኮምፔንሳቶ ላይ

ጥር 3፣ 2017፣ ቅዳሜ

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማየው ደም ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እዚሁ ጅማ አንድ ትምህርት ቤት እሄድና የሳይንስ ክበቡን ልጆች አግዛለሁ። ክፍላቸው ግድግዳ ላይ የደም ሕዋሳት የዘር ሐረግ የተሳለበት ትልቅ ወረቀት አለ። ከላይ አንድ ስቴም ሴል፣ የደም ሕዋሳት ሁሉ የሚወጡበት እናት ሕዋስ። ከሱ ሥር ቀስቶች። አንዱ ቀስት ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ይወርዳል፣ ሌላው ወደ ነጭ፣ ሌላው ደም ወደሚያረጋው ፕሌትሌት። እኔም ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የሸመደድኩት ይህንኑ ነው።

ዛሬ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጣቷን በሁለት ቀስቶች መሀል፣ ነጩ ወረቀት ላይ አሳረፈች።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ ምንድነው ያለው?»

«እዚህ ጋማ ምንም የለም፣ ወረቀት ነው» አልኳት።

«አጥንት ውስጥስ? እነዚህ ሕዋሶች አየር ላይ ተንሳፍፈው ነው የሚኖሩት?»

ዝም አልኩ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ይህን ያህል ዓመት ያንን ነጭ ቦታ እያየሁ ማለፌ ገርሞኝ ነው። ስቴም ሴል ዕጣውን ብቻውን አይወስንም። ተኛ፣ ተነሣ፣ ተባዛ፣ አሁን ውጣ የሚለው ጎረቤቱ ነው። አጥንቱ፣ የደም ሥሩ ግድግዳ፣ ስቡ፣ ነርቩ። ወረቀቱ ላይ ያልተሳለው ሁሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ከልጆቹ ጋር ተስማማን። በአንድ ኮምፔንሳቶ ላይ የመቅኔ ቁራጭ እንሠራለን፤ ሕዋሳቱን ከነቤታቸው። ከዚያ በፊት ግን እውነተኛ መቅኔ በማይክሮስኮፕ እናያለን። ያላየነውን አንሠራም።

ጥር 7፣ ረቡዕ ማታ

ልኬት እያወጣሁ አመሸሁ። 1 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) በ1 ሴንቲሜትር ይሁን አልኩ። ይህ 10,000 ጊዜ ማጉላት ነው፤ ለልጆቹም በቃል ለማስላት ይቀላል። ኮምፔንሳቶው 2 ሜትር ከ44 በ1 ሜትር ከ22 ነው። ስለዚህ ሰሌዳችን 244 በ122 ማይክሮን የሆነ መቅኔ ያሳያል። አንድ የጸጉር ዘለላ በዚህ ልኬት 70 ሴንቲሜትር ገደማ ይወፍራል። ሦስት ዘለላ ጎን ለጎን ቢጋደም ሰሌዳውን ሊሞላው ምንም አይቀረው።

የሰው ቀይ የደም ሕዋስ 7 ሴንቲሜትር ተኩል ይሆናል። ፕሌትሌት 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር። የስብ ሕዋስ ግማሽ ሜትር ገደማ። ፕሌትሌት የሚያመርተው ሜጋካርዮሳይት ደግሞ ከግማሽ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይደርሳል። ይሄኔ ነው ወረቀቱ ምን ያህል እንደደበቀን የገባኝ። እዚያ ላይ ሁሉም ሕዋስ እኩል የሳንቲም መጠን አለው።

ለልጆቹ የምነግራቸውን ታሪክም አሰባሰብኩ። ደም አጥንት ውስጥ እንደሚሠራ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ኧርንስት ኖይማን ኮኒግስበርግ ውስጥ፣ ጁሊዮ ቢዞዜሮ ደግሞ ፓቪያ ውስጥ፣ በዚያው ዓመት ለየብቻቸው ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ለረዥም ጊዜ ዓይን ሁሉ ሕዋሱ ላይ ነበር። ቦታው ራሱ ሥራ አለው የሚለው ሐሳብ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሬይ ስኮፊልድ የሚባል የማንችስተር ተመራማሪ አንድ ነገር አላስችል አለው። በጨረር ተመተው መቅኔ የተሰጣቸው አይጦች ጣፊያ ላይ ከሚበቅሉ የሕዋስ ቋጠሮዎች የሚወሰዱት ሕዋሳት፣ መቅኔ ውስጥ እንዳሉት ስቴም ሴሎች ዕድሜ ልክ መባዛት አይችሉም። ታዲያ መቅኔዎቹን ምን ለያቸው? ቦታቸው ነው አለ። መቅኔ ውስጥ ስቴም ሴልን ስቴም ሴል አድርጎ የሚያቆየው መቀመጫ አለ፤ ከዚያ የወጣ ልጅ ማደግ ይጀምራል። ለቦታው «ኒሽ» የሚል ስም ሰጠው። በግድግዳ ላይ ዕቃ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ ማለት ነው። የእኛው የግድግዳ መደርደሪያ፣ ኩራዝ የሚቀመጥባት።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ባለፈው ቅዳሜ ከተራ ስለነበር አልተሰበሰብንም። ዛሬ ተሰበሰብን፤ ሥራው ግን አልሆነም።

ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ የበሬ ቅልጥም ገዛሁ። መቅኔ ሲባል ማንም ሰው የሚመጣለት ቅልጥም ነው። ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩትና ጠዋት በፌስታል ጠቅልዬ በባጃጅ ወሰድኩት። ልጆቹ ጓንትና ማስክ አደረጉ። ጠረጴዛውን በበረኪና ወለወልን። ረጅሙ ልጅ በመጋዝ ቁመቱን ሰነጠቀው።

ውስጡ ቢጫ ነው። እንደ ረጋ ቅቤ።

«ቲቸር፣ ቀይ ያሉን የታለ?»

ከዚያው ትንሽ ጨልፈን ስላይድ ላይ ቀባን። ቅባቱ ተንሸራተተ። ጂምሳው፣ ማለትም የሕዋስ ማቅለሚያው፣ አልይዝ አለ። ማይክሮስኮፕ ውስጥ ያየነው ትላልቅ ባዶ ክቦችና የተጨማለቀ ሐምራዊ ጥላ ብቻ ነው። ልጆቹ ተራ በተራ ጎንበስ ብለው አይተው ምንም ሳይሉ ቀና ይላሉ። አንጀቴን በሉት።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሁለት ጥፋት። አንደኛ፣ ሌሊቱን ያደረ መቅኔ ሕዋሱ ይፈርሳል። ሰው ላይ ናሙና ሲወሰድ እዚያው አልጋው አጠገብ ቆመን ስላይድ እንደምንሠራ አውቃለሁ፤ በሬው ላይ ግን ዘነጋሁት። ሁለተኛ፣ አጥንቱን አልመረጥኩም። ሲወለድ አጥንት ሁሉ ቀይ መቅኔ ነው ያለው። ዕድሜ ሲገፋ ከእጅና ከእግር ጫፍ ጀምሮ ወደ መሀል እየተጠጋ ወደ ስብ ይለወጣል። አዋቂ ሰው ላይ ቀዩ የሚቀረው ዳሌ፣ አከርካሪ፣ ፍርንባ፣ ጎድን፣ የራስ ቅልና የጭንና የክንድ አጥንት የላይኛው ጫፍ ላይ ነው። ሐኪም ናሙና ሲፈልግ መርፌውን ወደ ዳሌ አጥንት የሚሰደው ለዚህ ነው። የሽማግሌ በሬ ቅልጥም ለምግብ ግሩም ነው፤ ለእኛ ግን ጓዳው የተዘጋ ቤት ነው።

ልጆቹ እንዳይከፋቸው አንድ ታሪክ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 ቻርልስ ሃጊንስና ባልደረባው የአይጥ ጭራ ላይ ሙከራ ሠሩ። ጭራ ቀዝቃዛ ነው፤ መቅኔውም ስብ ነው። የጭራውን ጫፍ አጥፈው ሞቃቱ ሆድ ዕቃ ውስጥ ከተቱት። ከጊዜ በኋላ ሲያዩት ሆድ ውስጥ የገባው የጭራ አጥንት ቀይ መቅኔ ይዞ ደም እየሠራ ነበር። ያው አይጥ፣ ያው ጭራ፣ ያው አጥንት። የተቀየረው ያለበት ቦታ ነው።

አንዱ ልጅ «እንዴ!» ብሎ የቅልጥሙን ስንጣቂ እንደገና አነሣና አገላብጦ አየው። ለዛሬ ይህችው በቃችኝ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሆነልን!

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስላይድ፣ ሜታኖልና ፒንሳ በቦርሳ ይዤ አንድ ሥጋ ቤት ደጃፍ ቆምኩ። ሥጋው ከቄራ፣ ተመርምሮ ማኅተም የተመታበት፣ ገና መግባቱ ነው። ሐጂ ቀድሜ ነግሬያቸው ስለነበር ጠበቁኝ።

«ቅልጥሙን ትተህ ጎድን? ምን ነካህ ዶክተር?»

«ዶክተር አይደለሁም ሐጂ፣ የላብራቶሪ ነኝ። የምፈልገው ቀዩን ነው።»

«ቀዩ እዚህ ነው» አሉና የጎድኑን ጫፍ በመጋዛቸው ቆረጡልኝ።

ቁራጩ ላይ የሚታየው ልክ እንደ ስፖንጅ ነው። ቀጫጭን የአጥንት ክሮች፣ መሀል መሀላቸው ጥቁር ቀይ። ጓንት አድርጌ አጥንቱን በፒንሳ ጨመቅ ሳደርገው ከቀዳዳዎቹ ወፍራም ቀይ ጠብታ ብቅ አለ። ውስጡ ነጫጭ ፍርፋሪ ይታያል። የምንፈልገው እሱን ነው፤ ፍርፋሪው የመቅኔ ቅንጣት ነው፤ ሌላው ደም ነው። ቅንጣቷን በስላይዱ ጫፍ አንሥቼ ሳልጫን ሳብኳት። ስምንት ስላይድ እዚያው የሥጋ ቤቱ መደብ ላይ ቀባሁ። በአየር አደረቅኳቸውና ሜታኖል ነከርኳቸው። ሐጂ ሥራቸውን ትተው ያዩኝ ነበር። ስወጣ አንድ አጥንት ጨመሩልኝ። «ይሄ የጠቦት ቅልጥም ነው፤ ለልጆቹ። ሒሳብ የለውም።»

ክፍል ውስጥ 10 በመቶ ጂምሳ፣ ፒኤች 6.8 በሆነ ባፈር በጥብጠን 15 ደቂቃ ቀለም ሰጠናቸው። መጀመሪያ በትንሹ ሌንስ። አንዷ ልጅ ስላይዱን እየገፋች ሳለ እጇ ቆመ። «አንድ ትልቅ ነገር አለ።» ሜጋካርዮሳይት ነው። ከጎረቤቶቹ አሥር እጥፍ ይሰፋል። ኒውክለሱ እንደ ተጨመደደ ጨርቅ ተጣጥፎ ተደራርቧል። ልጆቹ ተጋፉ። እኔም በስንት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየሁት ልቤ መታ።

ከዚያ ዘይት ጠብ አድርገን በ100ው ሌንስ ሄድን። ገና ኒውክለስ ያላቸው ወጣት ቀይ ሕዋሳት አየን። ነጭ ለመሆን የጀመሩ፣ ሮዝ እንክብሎች የተሞሉ ሕዋሳትም አየን። ፈልጌ የማገኘው ያልመሰለኝን ደግሞ አገኘን። መሀሉ ላይ አንድ ፈዛዛ ሰፊ ሕዋስ፣ ዙሪያውን ሰባት ወጣት ቀይ ሕዋሳት ተለጥፈውበት። የቀይ ሕዋሳት ደሴት የሚባለው ይህ ነው። ማርሴል ቤሲስ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1958 የገለጸው። መሀል ያለው ማክሮፌጅ ነው፤ ውዳቂና ጀርም የሚውጥ ትልቅ ሕዋስ። ስላይድ ሲሳብ ደሴቱ አብዛኛውን ጊዜ ይበተናል፤ አንዱ ተርፎልናል። የስላይዱን ጥግ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌበታለሁ።

የጠቦቱን ቅልጥም ሰነጠቅነው። ቀይ ነው! ያንኑ የእግር አጥንት ከባለፈው የበሬ ቅልጥም ጎን አስቀመጥነው። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ። ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ግንባታ። ኮምፔንሳቶውን አንድ ወላጅ ሰጡን። ቁሳቁሱ በሙሉ ከቤትና ከሠፈር የተለቀመ ነው።

አጥንቱን የሠራልን አንድ እንጨት ጠራቢ ነው። ጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ እጅ ሞልቷል። የዋንዛ ቁራጭ ጠርቦ በግራ ጠርዝ በኩል እንደ ገደል አፋፍ አቆመልን። በሰሌዳው መሀል ሳይነሶይዱ ያልፋል። ሳይነሶይድ ማለት የመቅኔ ሰፊ ደም ሥር ነው፤ ግድግዳው የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። 25 ሴንቲሜትር ስፋት ሰጠነው። ግድግዳውን ያረጀ አጎበር አደረግነው። ሐሳቡ የልጆቹ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም። አጎበር ያስተነፍሳል፣ ያስተላልፋል፣ ግን ድንበር ነው።

ቀይ ሕዋሳት የድልህ ቆርቆሮ ክዳኖች ናቸው፤ መሀላቸውን በመዶሻ ጎድጎድ አደረግናቸው። ፕሌትሌቶቹ የሸሚዝ ቁልፎች። ሜጋካርዮሳይቱን ከአሮጌ የፍራሽ ስፖንጅ ቆረጥነው፤ 70 ሴንቲሜትር። ቦታው እንደፈለግነው አይደለም። ሜጋካርዮሳይት ሳይነሶይድ ጥግ ይቆማል፤ ክንዱን በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ደሙ ይሰዳል፤ የደሙ ፍሰት ክንዱን እየቆራረጠ ፕሌትሌት ያደርገዋል። ከአንዱ በሺህ የሚቆጠር ይወጣል። ቁልፎቹን በክር ሰክተን በአጎበሩ ቀዳዳ አሳለፍናቸው። ይህን ሥራ ሁለት ልጆች ሦስት ሰዓት ሙሉ አንገታቸውን ሳያቀኑ ሠሩት።

የስብ ሕዋሳቱ ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች ናቸው፤ ለሁለት ተሰንጥቀው የተለጠፉ። ልኩም ደህና ነው፤ ውስጡም ዘይት ነበረ! እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። «ስቡ ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ያደርጋል? ትንሽ እናድርገው» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሳይንቲስቶቹም ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት፣ አይጥ ላይ፣ ስብ የበዛበት መቅኔ ውስጥ ስቴም ሴሎች እንደሚያንሱ አሳየ። ስቡ ያፍናል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ መቅኔው በጨረር ከተመታ በኋላ ስብ ሕዋሳት ስቴም ሴል ፋክተር የሚባለውን ንጥረ ነገር አመንጭተው ማገገሙን እንደሚያግዙ አሳየ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። በደህና ቀን ቦታ የሚያጣብብ ጎረቤት በክፉ ቀን እህል ያበድራል። ስቡ በሙሉ መጠኑ ይቀመጥ ብለን ወሰንን።

ደሴቱን ስንሠራ ልጆቹን አስቆምኳቸው። ማክሮፌጁን ልሠራው የፈለግኩት እኔ ነበርኩ። ወጣት ቀይ ሕዋስ አድጎ ሊጨርስ ሲል ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል። ያንን የሚያነሣውና የሚውጠው መሀል የተቀመጠው ማክሮፌጅ ነው። አርጅተው ከተሰበሩ ቀይ ሕዋሳት ብረት ለቅሞ መልሶ የሚያከፋፍለውም ማክሮፌጅ ነው። ሞግዚት በሉት። ሰውነታችን በሴኮንድ 2 ሚሊዮን ገደማ ቀይ ሕዋስ ያመርታል። ያን ያህል ልጅ ያለ ሞግዚት አያድግም።

ማክሮፌጁን ስጠርብ ግን ሐሳቤ ሥራ ቦታ ነበር። ከቆላ የሚመጡ፣ የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈው ካላ-አዛር የሚባል የጥገኛ ተሕዋስ በሽታ የያዛቸው ሕሙማን አሉ። ጣፊያቸው አብጦ፣ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎ፣ ቀዩም ነጩም ፕሌትሌቱም ወርዶ ይመጣሉ። የመቅኔ ስላይዳቸውን ሳይ ጥገኛ ተሕዋስያኑን የማገኛቸው ማክሮፌጁ ሆድ ውስጥ ነው። ሞግዚቱ ቤት ተደብቀው። የዘር ሐረጉ ወረቀት ላይ ማክሮፌጅ ከታች በስተቀኝ፣ የመጨረሻው ቀስት ጫፍ ላይ ነው ያለው፤ ከማንም ጋር አይነካካም። ያንን ወረቀት ብቻ የተማረ ልጅ ያ ሕመምተኛ ለምን ደም እንዳነሰው እንዴት ይገባዋል? ለዚህ ነው ይህ ሰሌዳ የሚያንገበግበኝ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ዘበኛው ደወሉልኝ። ሜጋካርዮሳይቱ ሌሊት ወድቋል። ማስቲሹ ስፖንጁን አልያዘውም። በምሳ ሰዓት ሄጄ በሽቦ አሰርኩት።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

የቀረን ስቴም ሴሉ ነው። እዚህ ላይ ቆምን።

ስቴም ሴል እጅግ ብርቅ ነው። ከ10,000 የመቅኔ ሕዋስ አንድ ቢገኝ ነው፤ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ሰሌዳችን ላይ የለጠፍነው መቶ የሚሞላ ሕዋስ ነው። አንዱ ልጅ ሒሳቡን ሠራ። «እውነቱን ከተናገርን መቶ ኮምፔንሳቶ ሠርተን አንዱ ላይ ብቻ ነው የምንለጥፈው።» ትክክል ነው። ግማሾቹ አይለጠፍ አሉ፤ ግማሾቹ ያለሱማ ምን ትርጉም አለው አሉ።

ያቺ ጥያቄውን የጀመረችው ልጅ መፍትሔ አመጣች። የማይለጠፍ፣ የሚነሣና የሚቀመጥ ይሁን። መቀመጫው ብቻ ሁልጊዜ ይኑር።

መቀመጫውን ሳይነሶይዱ አጠገብ ሠራነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት ቡድኖች አጥንት ሠሪ ሕዋሳትን ነበር የጠቆሙት። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን አይጥ ላይ አብዛኞቹ ስቴም ሴሎች ከሳይነሶይድ እንደማይርቁ አሳዩ። እዚያ፣ የደም ሥሩን ተደግፈው፣ ረጃጅም ክንድ ያላቸው ኮከብ መሳይ ሕዋሳት አሉ። ከሽቦ ሠርተን ሲባጎ ጠቀለልንባቸው። ሁለት ዋና ነገር ያመነጫሉ። አንዱ ሲ-ኤክስ-ሲ-ኤል 12 ይባላል፤ ስቴም ሴሉን ስቦ የሚያቆይ ነው። ይህን መያዣ የሚያላቅቅ ፕሌሪክሳፎር የሚባል መድኃኒት አለ። ሲሰጥ ስቴም ሴሎች ወደ ደም ይወጣሉ፤ ለንቅለ ተከላ ከክንድ ደም ሥር ይሰበሰባሉ። ሌላው ስቴም ሴል ፋክተር ነው። ሕዋሱ ላይ ያለው «ኪት» የሚባለው ተቀባይ ይይዘዋል።

ይህን መያያዝ ለማሳየት ጃኬት ኪስ ላይ ያለውን፣ ቸር ብሎ የሚላቀቀውን ጨርቅ ተጠቀምን። ሻካራውን ወገን በጨርቅ ኳሱ ላይ፣ ለስላሳውን በኮከቡ ክንድ ላይ ሰፋነው። ኳሱ ሲጠጋ ጥብቅ ይላል።

ከዚያ በጣም የምወደውን ሙከራ ነገርኳቸው። ሁለት ዓይነት አይጦች አሉ። ሁለቱም ደም ያንሳቸዋል፤ ሁለቱም ጸጉራቸው ላይ ነጭ ይታያል። አንዱ ደብልዩ፣ አንዱ ስቲል ይባላል። ሲታዩ አንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች መቅኔያቸውን አቀያየሩ። ለደብልዩ አይጥ የደህና አይጥ መቅኔ ሲሰጠው ዳነ። ለስቲል የደህና አይጥ መቅኔ ሲሰጠው አልዳነም። የስቲል መቅኔ ለደብልዩ ሲሰጠው ግን፣ ደብልዩ ዳነ!

ክፍሉ ዝም አለ። አባቱ ቡና የሚያለማ አንድ ልጅ ነው የፈታው። «ቲቸር፣ ችግኝ ጣቢያ ላይ እንደዚህ ነው የምናደርገው። ችግኙ ሲጠወልግ ነቅለን ደህና መደብ ላይ እንሞክረዋለን። እዚያ ከለመለመ ችግኙ ጤነኛ ነበር፤ የታመመው አፈሩ ነው። የስቲል ሕዋሱ ደህና ነው፤ መደቡ ነው የተበላሸው።»

ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የደብልዩ ጉድለት ኪት ላይ እንደሆነ ታወቀ፤ በ1990 የስቲል ጉድለት ስቴም ሴል ፋክተር ላይ እንደሆነ ታወቀ። ኳሱ ላይ ያለው ሻካራ ጨርቅና ክንዱ ላይ ያለው ለስላሳ ጨርቅ ማለት ነው። ወዲያው ሁለተኛ ኳስ፣ ምንም ጨርቅ የሌለው፣ ሰፉ። ለኮከቡም የሚሸፈንበት እጅጌ አዘጋጁለት። አሁን ማንም ልጅ መጥቶ ራሱ መሞከር ይችላል። ጨርቅ የሌለው ኳስ ይወድቃል። ኮከቡ በእጅጌው ከተሸፈነ ደህናውም ኳስ ይወድቃል። ወለሉ ላይ ሁለቱም ኳሶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ለምን እንደወደቁ ለማወቅ ቦታ ማቀያየር ብቻ ነው መንገዱ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ሰሌዳው ተሰቀለ። አራት ሰው ነው ያነሣው። ጀሪካኖቹ ከበዱ።

የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሊያዩ መጡ፤ ያስረዱት የክበቡ ልጆች ናቸው። እኔ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። ስለ መርፌ የጠየቀ ልጅ ነበር፤ መቅኔ ሲቀዳ አንዳንዴ ምንም የማይወጣው ለምንድነው አለ። ዘመድ ታሞበት ይሆናል። ያቺ ልጅ ሲባጎውን እያሳየች መለሰችለት። ማይሎፋይብሮሲስ የሚባል ሕመም ውስጥ ክሩ ይበዛል፣ መቅኔው እንደ ጠባሳ ይጠነክራል፣ መርፌው ባዶ ይመለሳል። ማደጊያ ያጡት ሕዋሳት ወደ ጣፊያና ጉበት ይሰደዳሉ፤ ጣፊያው የሚያብጠው ለዚህ ነው። ይህን የነገርኳት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ጀሪካን ስንለጥፍ።

የሚስተካከሉ አሉ። አጎበሩ በአንድ በኩል ረግቧል። ነርቩን ከቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ልንሠራው ነበር፤ አልደረሰም። የደሴቱ ስላይድ እንዳይደበዝዝ ከብርሃን ተከልሎ ሣጥን ውስጥ ገብቷል። ሰኞ ሁዳዴ ስለሚገባ የጎድን ሥራችን በዚሁ ያበቃል።

አሮጌውን ወረቀት ላነሣው ስል ልጅቷ ከለከለችኝ። እርሳስ ይዛ ቀስቶቹ መሀል፣ ነጩ ላይ፣ መሳል ጀመረች። መጀመሪያ የሳይነሶይድ ግድግዳ። ከዚያ ኮከብ። ከዚያ ክብ የስብ ሕዋስ። ላይኛው ቀስት ጋ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ።

«ቲቸር፣ ፅንስ አጥንቱ ገና ሳይሠራ ደሙ የት ነው የሚያድገው?»

«መጀመሪያ አስኳል ከረጢት የሚባል አለ። ከዚያ ጉበት ውስጥ።»

«ጉበቱ ውስጥስ አጠገቡ ማን አለ?»

ጥግ ላይ የተደገፈ ግማሽ ኮምፔንሳቶ ተርፎናል። ሁላችንም ወደዚያ ዞረን አየን።